ዋስ ያልጠራችው ድመት

ዋስ ማለት፣ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ ወይም ሥራውን ባይሠራ፣ በእሱ ቦታ ገብቶ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ዋስ የሚያስፈልገው ለሚጠፋ ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሚጠፋ ግን አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ የማይጠፋውም ዋስ ጥራ ይባላል።

አንድ ደንብ የሚወድ ሹም ነበረ። ስሙ አዛገ ይባላል። ዘመኑ ሰው እህል መዝራትና ማከማቸት ገና የለመደበት ነው። ሹም አዛገ በሚገዛው ሸለቆ፣ ከሰው ጋር መኖር የፈለገ ሁሉ፣ እንስሳም ቢሆን፣ ሸንጎ ይቀርባል፤ ስም ይወጣለታል፤ በስሙ ሲጠራ ይመጣል፤ ከዚያም ዋስ ይጠራል።

ውሻ ይህን ሁሉ ያለ ችግር አልፏል። የውሻ አያቶች ተኩላዎች ነበሩ። አዳኞችን ከሩቅ እየተከተሉ የተጣለ አጥንት ይለቅሙ ነበር። ፈሪዎቹ ዱር ቀሩ፤ ደፈር ያሉት እሳቱ ዳር ድረስ መጡ፤ እሳቱ ዳር የተወለዱት ቡችሎች ደግሞ ጅብ በመጣ ቁጥር ከሰው ቀድመው መጮህ ጀመሩ። ውሻ ሸንጎ በቀረበ ዕለት ሲጠራ መጣ፤ ሳይጠራም መጣ፤ ሌላው ሲጠራም መጣ። አዳኙ ሽብሩ ዋስ ሆነለት። የአህያ ዋስ ገመድ ሆነ። ሸንጎው ይህንንም ተቀበለ።

የሸለቆው ዘር የሚቀመጥበት ቤት ጠባቂ እልፍነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ዘመድም የሌላት ናት። ሥራውን ስትይዝ ዋስ የሚሆናት ሰው ጠፋ። ሹም አዛገ ያን ቀን ቸርነት ተሰምቶት፣ "የእሷ ዋስ እኔ ነኝ" አለ። ሸንጎውም አመሰገነው፤ እሱም ነገሩን ረሳው።

በዘር ቤቱ ያለው እህል ለመጪው ክረምት የሚዘራ ነው። እዚያ የተበላ እህል፣ ማሳ ላይ የማይበቅል እህል ነው። አይጦቹ ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ የላቸውም። እልፍነሽ በድንጋይ ደፈነች፣ በጭቃ መረገች፣ በዱላ አሳደደች። እህሉ መጉደሉን አላቆመም።

አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ አሸዋ የመሰለች አንዲት ድመት ከኮረብታው ቋጥኝ ወርዳ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ገብታ፣ እህሉ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ማንም አልጠራትም። እህሉ አይጡን ጠራ፤ አይጡ ድመቷን ጠራ። እልፍነሽ ወለሉን አየች፤ የአይጥ ጅራት ብቻ ተርፏል። ቀዳዳውን እንዳለ ተወችው። ከዚያ ወዲህ እህሉ አልጎደለም።

ክረምት ሲቃረብ ሹም አዛገ ዘር ሊጎበኝ መጣ።

"ይቺ ማን ናት?"

"ድመት ናት፣ ጌታዬ።"

"ማን ቀጠራት?"

"አይጦቹ።"

"በስሟ ስትጠራ ትመጣለች?"

"ጠርቻት አላውቅም። ስመጣ እዚሁ ነው የማገኛት።"

"ታዲያ የምትሠራው ለማን ነው?"

"ለሆዷ ነዋ። ውሻውስ ለማን ነው የጀመረው?"

"ውሻው ሲያየኝ ጅራቱን ይቆላል።"

"እሷም ትቆላለች፣ ጌታዬ። ስትናደድ ነው እንጂ።"

ሹሙ ደንቡን አስታወሳት። እልፍነሽ በረጅሙ ተነፈሰች። "እሺ፣ እኔ ዋስ እሆናታለሁ። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ በፈጠረዎት ቶሎ እንጨርሰው።"

ድመቷ በቅርጫት ሸንጎ ቀረበች። ሹሙ "ታዛዥ" ብሎ ስም አወጣላትና ከቅርጫቱ አስወጥቶ ጠራት። "ታዛዥ!"

ድመቷ ዞር ብላ አየችው። መስማቷን ሁሉም አየ፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። ከዚያ አንድ እግሯን አንስታ መላስ ጀመረች።

ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ታዛዥ!" አለ።

ውሻው መጣ።

"አንተን አይደለም፣ ቁጭ በል!" አለው ሽብሩ አፍሮ። ውሻው በደስታ ቁጭ አለ። ድመቷ ግን እግሯን ጨርሳ፣ በሽማግሌዎቹ እግር መካከል አልፋ ሄደች።

"ጠፋች!" አለ ሹሙ።

"አልጠፋችም እኮ፣ ጌታዬ" አለች እልፍነሽ። "ወደ ሥራዋ ነው የሄደችው።"

ሹሙ አልሰማትም። ቀዳዳው በድንጋይ እንዲደፈን፣ ዋሷ እልፍነሽ በድመቷ ቦታ አይጥ እንድትይዝ፣ ውሻውም እንዲያግዛት ፈረደ።

ውሻው በቅንነት አገለገለ። አይጥ ባየ ቁጥር ጮኸ፤ ሲያሳድድ እንስራ ገለበጠ፤ አንድም አይጥ አልያዘም። ሲደክመው በሩ ላይ ተኝቶ፣ አይጥ በማይመጣበት በኩል ጠበቀ። እልፍነሽ ዱላዋን ይዛ ከጥግ ጥግ ሮጠች። እህሉ ጎደለ። ማልዳ ሄዳ "ቀዳዳውን ያስከፍቱልኝ" ስትል፣ ሹሙ "ደንብ ደንብ ነው" ይላታል። አምሽታ ስትመለስም መልሱ ያው ነው።

በመጨረሻ ሸንጎው መሐል ቆመች። "አይጥ መያዝ አቅቶኛል" አለች። "ሥራውን ያልሠራ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። እንግዲህ ዋሴ ይግባልኝ።"

ሸንጎው ወደ ሹሙ ዞረ፤ ዋሷ ማን እንደሆነ ሁሉም አስታውሷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስከዚያ ሲያንቀላፋ የነበረው፣ ዓይኑን ገልጦ፣ "ሹም አዛገ፣ ደንብ ደንብ ነው" አለና መልሶ ጨፈነ።

ለክብሩ ሲባል መነገር አለበት፤ ሹሙ ዱላውን ተቀብሎ ገባ።

ዘር ቤቱ በቀትርም ጨለማ ነው። የመጀመሪያው አይጥ በእግሩ ላይ አለፈ። ሁለተኛው ጋቢው ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ዘር ይቆረጥም ጀመር። ሹሙ "አቁም!" ብሎ አዘዘው። አይጡ አላቆመም። ውሻው ግን መጮሁን አቆመ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

"እልፍነሽ!"

"አቤት፣ ጌታዬ።"

"ያቺ... ያቺ ሠራተኛ የት ናት?"

"ከግድግዳው ውጭ፣ ቀዳዳው አጠገብ ተቀምጣለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከደፈኑት ጀምሮ።"

 ሹሙ ድንጋዩን በገዛ እጁ ነቀለ። ድመቷ ገባች፤ እጅ ሳትነሳ እግሩን ረግጣ አለፈች፤ ሥራዋንም ካቆመችበት ቀጠለች። የተረፈው ዘር ሳሳ ተደርጎ ሲዘራ ለአብዛኛው ማሳ በቃ። የወንዙ ዳር መሬት ግን በዚያ ክረምት ጦሙን አደረ።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። አንዱ ስለሚወደን ይሠራልናል፤ ሌላው የእሱ መንገድና የእኛ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ስለተገናኘ ይሠራልናል። ጅብ ሲመጣ የመጀመሪያው ይበጃል፤ አይጥ ሲመጣ ሁለተኛው። ጅራት ያልቆላለትን ሁሉ እንደ ከዳው የሚቆጥር አለቃ፣ በመጨረሻ ዘሩን ራሱ ይጠብቃል። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ በቤትህ ወይም በሥራህ፣ እያወቅህ የደፈንከው ቀዳዳ የለም?

የድመቷ ጉዳይ በደንቡ መሠረት አልተዘጋም። እልፍነሽ አይጥ መያዝ ስላቃታት፣ ሸንጎው ድመቷ ሌላ ዋስ እንድትጠራ ቀን ቆርጧል። እስካሁን አልቀረበችም።