ያልተነገረው መርዶ

አንድ ቀጥቃጭ ነበረ፣ ከኛው ከቤተ እስራኤል። ሰንበትን ያከብራል፣ ሕጉን አንድ አያጎድልም፤ በሰው ላይ ክፉ ለማሰብ ግን የሚቀድመው አልነበረም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ሸማኔ ከገበያ ሲመለስ ቤቱ አልገባም። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ የሚቀመጥባት ጎጆ ከመንደሩ ግርጌ ነበረች፤ እዚያ ገባ። ቀጥቃጩ ከሩቅ ቆሞ «ከኛ የሞተ የለም። የማንን ሬሳ ነው የነካኸው?» አለው። ሸማኔው አንገቱን ደፋ እንጂ አልመለሰለትም።

«ሰው ገድሎ ነው» አለ ቀጥቃጩ ለመንደሩ። «ንጹሕ ቢሆን ይናገር ነበር።»

የሸማኔው እናት እግሯ አልራመድ ብሏት ለልጇ ቂጣ የምትልከው በሰው እጅ ነበር። ቀጥቃጩ መንገድ ላይ እየቆመ የተላኩትን መለሳቸው። «ደም ላፈሰሰ ሰው ምግብ አናወርድም» ሲላቸው ፈርተው ተመለሱ። እናትየዋ ብትለምንም የሰማት የለም።

በስምንተኛው ቀን አንድ ነጋዴ ወደ ቀጥቃጩ መጣ።

«የወንድምህን መርዶ ሰማህ? ከኛ ጋር ለንግድ ሲጓዝ መንገድ ላይ ተስቦ ገደለው። እኛ በሽታውን ፈርተን ሸሸን፤ ከናንተ መንደር የሆነ ሸማኔ ብቻውን ቀበረው። ለወንድሙ ንገር ብንለው፣ መርዶ ከሩቅ እየጮሁ አይነገርም፣ ስነጻ ቤቱ ገብቼ፣ ዘመድ ሰብስቤ አረዳዋለሁ አለን።»

ቀጥቃጩ እየሮጠ ወረደ። ሸማኔው ተስቦው ተጋብቶበት፣ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ሞቷል። የሚጠጋ ሰው ስለጠፋ ቀጥቃጩ ራሱ ቀበረውና እዚያችው ጎጆ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከእናትየዋ ቤት ቂጣ ወረደለት። «ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ምን ይበላል?» ብላ ነው የላከችው። ሰባቱንም ቀን ላከች። እሱም እያለቀሰ በላ።

ልጄ ደርሶ ሆይ፣ «ጎረቤቴ ሦስት ሰንበት ከጸሎት ቀርቷል፤ ጥፋቱን በዓይኔ እያየሁ እንዴት በጎ ላስብለት?» ብለህ ጠየቅከኝ። አንተ ያየኸው ሰውየው አለመምጣቱን ብቻ ነው። ቀጥቃጩም ያየው ዝምታ ነበር፤ ደሙን የጨመረበት ራሱ ነው። ጸሎት እመራለሁ፣ ሕግ አስተምራለሁ፤ ጎረቤትህ ምን እንደሆነ ግን እኔ ቄሱም አላውቅም። አሁኑኑ ሂድና ደጁን አንኳኳ። በሕይወት ካለ ይነግርሃል።