ከፈፋው ማዶ የተነሣ እጅ

አንድ ገበሬ ነበረ። ማሳው ከፈፋ አፋፍ ላይ ነበር። ከፈፋው ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የጎረቤቱ ማሳ ነበር። ድምፅ ከወዲህ ወዲያ ይሰማል፤ እግር ግን ወርዶ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

የሻረግ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ሕመምተኛውን እንዴት አደሩ ስላቸው ደህና አሉኝ፤ ታዲያ አባዬ፣ መሞታቸው በኔ ጥፋት ነው?» ብለሽኛል። የነርስ ሥራ አላውቅም፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀውን ልንገርሽ። አታቋርጪኝ።

ሁለቱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት በሬያቸውን ከመጥመዳቸው በፊት ከማዶ ማዶ ተጣርተው ሰላም ይባባሉ ነበር። ጎረቤትየው ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ሚስትን ይጠይቃል፣ ልጆችን በየስማቸው ይጠይቃል፣ ላሞችን ይጠይቃል፣ በመጨረሻ እግሩ የተሰበረውን ውሻ ሳይቀር ይጠይቃል። የሰፈሩ ሰው «የሱ ሰላምታ እስኪያልቅ ሰኔ ይገባል» እያለ ይስቅበት ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ ይህ ሰው ማሳል ጀመረ። ጉንፋን ነው አለ። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ተመችቶ ነበርና አልተኛም።

አንድ ጠዋት ውሻውን ሳይጠይቅ ቀረ። ገበሬው ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ዛሬ እንኳ ውሻችን ተረሳ» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ላሞቹ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹም ሚስቱም ቀሩ። «ደህና» አለ፤ ቆሞ አየር ሳበ፤ ከዚያ ነው «ይመስገን» ያለው። አንድ ትልም በጨረሰ ቁጥር እርፉን ተደግፎ ይቆማል። ገበሬው ይህን ሁሉ አየ። አላየሁም ሊል አይችልም።

ሚስቱ «ተሻግረህ እየው እንጂ» አለችው።

«ሄጄ ምን ልበለው? ታመሃል ልበለው?»

«አይተኸው ትመጣለሃ። ምን ይልሃል?»

«ሟርተኛ ይለኛል! ሰውየው በገዛ አፉ ደህና ነኝ እያለ።»

«የሱን አፍ ተወው። አንተን የታከተህ ፈፋው ነው።»

ተቆጥቶ ዝም አሰኛት። እውነቷን ነበር። ወርዶ መውጣቱ የግማሽ ቀን እርሻ ያስፈታዋል። ከዚያም በላይ፣ ሄዶ ሰውየው ደህና ሆኖ ቢገኝ መሳቂያ እሆናለሁ ብሎ ፈራ።

በአራተኛው ቀን እንደ ልማዱ «እንዴት አደርክ!» ብሎ ተጣራ። መልስ አልመጣም። ቀና ብሎ ሲያይ የማዶዎቹ በሬዎች እንደተጠመዱ ቆመዋል። ጎረቤቱ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። እጁን ከፍ አደረገ።

ገበሬውም እጁን ከፍ አደረገለት። ከዚያ ጅራፉን አጮኸና ወደ እርሻው ተመለሰ።

ነገሩ ያበቃው እዚያ ላይ ነው።

ፀሐይ ጠንከር ስትል የማዶዎቹ በሬዎች ሞፈሩን እየጎተቱ ድንበሩ ላይ ሣር መጋጥ ጀመሩ። የሚመልሳቸው የለም። ገበሬው የሮጠው ያኔ ነው። ደርሶ ሲያየው የሰውየው ከንፈር ጠቁሯል፤ አንድ ትንፋሽ ለመሳብ ትከሻው ሁሉ ይነሣል።

«ምነው ሳትጠራኝ?» አለው።

«እጄን… አነሣሁልህ እኮ» አለ ጎረቤቱ።

በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ ቆሟል። እዚያ ያገኙት ሐኪም «ምነው ትናንት ብታመጡት» አለ። ተሸካሚዎቹ «ትናንትማ ደህና ነበር» አሉት። ትናንት ደህና እንዳልነበረ ከተሸካሚዎቹ መካከል የሚያውቀው ገበሬው ብቻ ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

እነዚያ የሞቱብሽ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተኝተው የነበሩት ሽማግሌ ሁልጊዜ ጠዋት ይቀልዱብሽ ነበር ብለሽኛል። «ዛሬም ባል ሳታገኚ መጣሽ?» ይሉሽ ነበር። ያን ቀን ቀልዱ ቀረ። «ደህና፣ ይመስገን» ብቻ አሉሽ። ትንፋሻቸውን ቆጠርሽ፤ ትናንት በደቂቃ ሃያ የነበረው ሃያ ስምንት ሆኗል። ወረቀቱ ላይ ጻፍሽው። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ለከንቱ ጠራሽኝ ብሎ በሰው ፊት ተቆጥቶሽ ነበርና፣ ቆይቼ ደግሜ አያቸዋለሁ ብለሽ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍሽ።

ልጄ፣ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡልሽ። አንቺም ቁጥሩን ጽፈሽ እጅሽን አነሣሽላቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ላልሽው፣ ሁሉም ያንቺ አይደለም። ሕመሙን አንቺ አላመጣሽውም። ብትጠሪም ላይተርፉ ይችሉ ነበር። ማለፍሽ ግን ያንቺ ነው። እንዲቀልሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ለዚያም ገበሬ ማንም አልዋሸለትም።

ሰው እንዴት አደርክ ሲባል ደህና ይላል። እየሞተም ይላል፤ እንዲህ ብለን ነው ያደግነው። ያ ሰላምታ ነው፤ ስለ ሕመሙ የነገረሽ ነገር የለም። አንቺ ቃሉን ተቀበይና ትንፋሹን ስሚ። ትናንት የነበረው፣ ዛሬ የጎደለው ምንድን ነው በዪ። የጎደለ ካለ ሐኪሙን ጥሪ። ካልመጣ ደግመሽ ጥሪ፤ እምቢ ካለ ሌላ ጥሪ። ቢቆጣሽ ይቆጣሽ።

ይዘሽው የመጣሽው ሻንጣ የሁለት ቀን ሻንጣ አይደለም። ሥራውን ልትተዪ እንደመጣሽ ገብቶኛል። ያም ገበሬ ማሳውን ለሌላ ሰጥቶ ፈፋውን ዳግም ላለማየት አስቦ ነበር። አላደረገውም። ዛሬ ከማዶ ድምፁ ያጠረ ሰው ከሰማ በሬውን እንደተጠመደ ትቶ ይሻገራል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ደህና ሆኖ ያገኘዋል። «ሟርተኛው መጣ» ብለው ይስቁበታል። ይሳቁ። አንድ ጊዜ ግን አንዲት አራስ በትኩሳት ስትቃጠል ደርሶላታል፤ እሷ ዛሬም አለች። ያ የፊተኛውን አያስረሳውም። አላስረሳኝም፣ የሻረግ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ትመለሻለሽ። መኪናው የሚቆመው ከፈፋው ማዶ ነው። ሻንጣውን እኔ እይዘዋለሁ፤ አብረን እንሻገራለን።