ዳልቺትና የቦሌው ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ጭቃው ደረቅ ባለበት ሰሞን፣ ዳልቺት የምትባል አህያ ብቻዋን ወደ ቦሌ ትሄድ ነበር። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው። የዚያ አገር ሰው በየወሩ ከብቱን እየነዳ ወደ ቦሌው ጉድጓድ ይወስዳል። ያልላሰች ላም ወተቷ ይነጥፋል፤ ያልላሰ በሬም ቀንበር ገና ሲያይ ይተኛል። ዳልቺት ግን ሁለት ወር ሙሉ ተራዋ አምልጧት ነበር። የጤና ኬላዋን ነርስ የሲስተር አያልነሽን የመድኃኒት ሣጥን ተሸክማ ከመንደር መንደር ስትዞር ጊዜ ከየት ታምጣ? ሲስተር አያልነሽ ሕዝቡን ሁሉ «ምግባችሁን አመጣጥኑ!» እያለች ስታስተምር፣ የገዛ አህያዋን ረስታት ኖሯል!

የዳልቺት ፀጉር ተነቃቀለ። ጉልበቷም ይብረከረክ ጀመር። አምሮቷ ሲጠናባት ያገኘችውን ሁሉ ትልስ ነበር፤ አጥሩን ላሰች፣ ግድግዳውን ላሰች፣ በመጨረሻም የሲስተርን ጫማ ስትልስ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ሲስተር ያኔ ነገሩ ገባትና «ውይ በሞትኩት!» ብላ ገመዷን ፈትታ ለቀቀቻት።

ዳልቺት ግማሽ መንገድ እንደሄደች አያ ጅቦ ከጥሻው ወጥቶ ፊቷ ተገተረ። ሌሊቱን አልቀናውም። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

«እንደምን አደርሽ፣ ቁርሴ!» አላት።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ዳልቺት ሁለት እርግጫ አቅምሳው እግሬ አውጪኝ ትል ነበር። አሁን ግን እንኳን ልትሮጥ መቆሙም አቅቷታል። ነፍሷን የሚያተርፍላት ምላሷ ብቻ መሆኑን አወቀች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ጅቦ። መብላቱን ይብሉኝ። ብቻ ለእርስዎ ሳስብ ቅር ይለኛል።»

«ምኑ ነው ቅር የሚልሽ?»

«አጥንቴ ነዋ! ሁለት ወር ቦሌ አልላስኩም። ገለባ ሆኗል። ሲቆረጥሙት ድምፅ እንኳ አይሰጥም።»

አያ ጅቦ ደነገጠ። ለሱ ሥጋ ማለት የአጥንት ልብስ ነው፤ ዋናው ጉዳይ ያለው ከውስጥ ነው። ድምፅ የማይሰጥ አጥንት ደግሞ ምኑ አጥንት ነው!

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ እንደ ታማሚ።

ዳልቺት ፍርሃቷ ምላሷን ፈታው። ከሲስተር አያልነሽ በየመንደሩ የሰማችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። «አጥንትና ጥርስ የሚያጠነክረው ካልሲየም ነው፤ ወተት ውስጥ አለ። ለደም ብረት ያስፈልጋል፤ እሱ ጤፍ ውስጥ፣ ምስር ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ አለ። ብረት ያነሰው ሰው ትንሽ ዳገት ሲወጣ ያለከልካል። አዮዲን ያጣ አንገቱ ላይ እንቅርት ያወጣል፤ ስለዚህ አዮዲን ያለው ጨው መብላት ነው። ዚንክ የጎደለው ልጅ ደግሞ አያድግም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንለትም። ሁሉም ታዲያ የሚፈለገው ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ ነው!»

ከዚህ ሁሉ ትምህርት አያ ጅቦ ጆሮ ውስጥ የገባው «ጉበት» የሚለው ብቻ ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና አንገቱን በመዳፉ ዳበሰ።

«የኔም አንገት ወፈር ያለ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንቅርት ይሆን እንዴ?»

«ኧረ እርስዎስ ሲፈጥርዎም እንዲሁ ነዎት!» አለችው ዳልቺት፤ ሳቋን እንደምንም ዋጠችው።

በዚህ መሃል ጋሽ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ብቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አያ ጅቦን ሲከታተለው ነው የከረመው፤ ጅቦ ዋሻው ውስጥ አንድ የበሬ ታፋ መደበቁን ሰምቷል። አያ ጅቦ አህያዋን እዚሁ ከበላ ወደ ዋሻው ገብቶ ታፋው ላይ ይተኛል፤ ራቅ ብሎ ከሄደ ግን ዋሻው ባዶ ነው። ቀበሮ ይህን ሁሉ በአንድ ጥቅሻ አሰላው።

«ጋሽ ቀበሮ፣ እስኪ ፍረደን» አለው ጅቦ። «ልብላት ወይስ ልጠብቃት?»

«ይሄም ይጠየቃል? ሰው እንኳ በጉን ቀልቦ ነው የሚያርደው! አስልሰህ ብላታ!»

ሦስቱም ተያይዘው ወደ ቦሌው ወረዱ። አህያዋ ከፊት፣ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ከኋላዋ፣ ቀበሮ ደግሞ ከሁለቱም ኋላ እያፏጨ።

ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ዳልቺት አንገቷን ደፍታ መላስ ጀመረች። አቤት ደስታ! አንዴ ስትልስ ዓይኗ በራ፣ ሁለተኛ ስትልስ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለአፍታ ያህል ቁርስ መሆኗን እንኳ ረሳችው። ጥቂት ላሰችና አፏን ጠረገች፤ ከዚያ ጅረቱ ላይ ጎንበስ ብላ ውሃ ጠጥታ፣ ዳር ዳሩን የበቀለውን ለምለም ሣር መጋጥ ጀመረች።

«ምነው አቆምሽ?» አለ ጅቦ።

«በቃኝ።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚች ነው?»

«ልክ አለው፣ አያ ጅቦ። ሲያንስም ይጎዳል፣ ሲበዛም ይጎዳል።»

ቀበሮ ወደ ጅቦ ጆሮ ጠጋ አለ። «ሰማሃት? ቀሪውን ልታስቀርብህ ነው! እሷ ይህችን ብቻ ልሳ ያንን ሁሉ ጭነት ከተሸከመች፣ አንተ ጉድጓዱን ብትጨርሰው ምን ልትሆን እንደምትችል እስኪ አስበው። አንበሳ ራሱ እጅ ይነሳሃል!»

አያ ጅቦ አንበሳ እጅ ሲነሳው በዓይነ ኅሊናው ታየውና ልቡ ቅቤ ጠጣ። ዘሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መላስማ የሰነፍ ነው፤ እሱ እየገመጠ ይውጠው ጀመር! ጠጠሩን፣ አፈሩን፣ ሥሩን፣ አንድ ያልታደለ ጢንዚዛ ሳይቀር ጠራረገው።

ዳልቺት ሣሯን ትታ ቀና አለች። የሚበላት እሱ ሆኖ ሳለ አሳዘናት፤ ሞኝነቱ አንጀቷን በላው።

«ኧረ ይተዉ፣ አያ ጅቦ! ይሄ እኮ ጨው ነው! ያቃጥልዎታል!»

«ምቀኛ!» አለ ጅቦ አፉን እንደ ሞላ። «ስበረታ ልታዪ አትፈልጊም!»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ሹልክ ብሎ ጠፋ። እየሮጠ ዋሻው ደረሰና የበሬውን ታፋ አገኘው። ሥጋውን ግን ጅቦ ቀደም ብሎ ግጦት፣ ለክፉ ቀን ያስቀረው አጥንቱን ብቻ ነበር። ቀበሮ ተናደደና «እሱ የሚቆረጥመውን እኔ የማልቆረጥመው ለምንድን ነው?» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰው። ቀጭ! የተሰበረው የቀበሮ ጥርስ ነበር።

እዚያ ቦሌው ዘንድ ደግሞ የአያ ጅቦ ምላስ እንደ ቁርበት ደረቀ። «ውሃ!» ብሎ ጮኸና ወደ ጅረቱ ተንደረደረ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ አሁንም ጠጣ፤ እንቁራሪቶቹ ጅረቱ ሊያልቅ ነው ብለው ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ሆዱ ተነፋና ከበሮ አከለ። ሊነሳ ቢሞክር ወደ ግራ ተንከባለለ፤ እንደገና ቢሞክር ወደ ቀኝ። በመጨረሻ በጀርባው ተዘርሮ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

«ዳልቺት» አለ እያቃሰተ፣ «እስኪ ጠጋ በይልኝ፣ ልብላሽ።»

ዳልቺት ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ሆና የሳቀችው በሁለት ወር ውስጥ ገና ዛሬ ነው፤ ሳቋ ከወዲያኛው ገደል ተመልሶ መጣ። ጉልበቷ ገና ባይመለስም ከተንጋለለ ጅብ ለመራቅ ሩጫ አያስፈልጋትም። ቀስ ብላ፣ ጅራቷን እየነሰነሰች፣ በአጠገቡ አለፈች።

«ቆይ!» አለ ጅቦ በሚያሳዝን ድምፅ። «ቢያንስ አንድ ነገር ንገሪኝና ሂጂ። መቼ ነበር ማቆም የነበረብኝ?»

ዳልቺት ዞር ብላ አየችው። አንቱታውን ከዚያ በኋላ አላስታወሰችውም።

«ሳቆም አላየኸኝም?» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ሰውነታችን ብረቱንም፣ ካልሲየሙንም፣ አዮዲኑንም፣ ዚንኩንም ከየምግቡ በየዓይነቱና በልኩ እንደሚፈልግ፣ የጎደለበትም ሆነ የበዛበት ሰው የሚጎዳው የገዛ ገላውን መሆኑን ነው።