የበልሁ ፔጆ ለማን ትድረስ?

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱን ብቻ አትጠይቁኝ፣ ድሬዳዋ ሙቀት እንጂ ወቅት የላትም፣ ከዚራ ሰፈር በልሁ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነበር። ሚስቱ አሰለፈች ትባላለች። ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ ሰፈሩ ግን አራተኛዋ ልጅ ፔጆዋ ናት እያለ ይቀልድባቸው ነበር። በልሁ ፔጆዋን የተረከባት አዲስ ሆና ከባቡር ስትወርድ ነው። ያን ዕለት አሰለፈችን፣ ያኔ እጮኛው ነበረች፣ ጣቢያ ድረስ ወስዶ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን አሳያት። ሌላው ለእጮኛው ቀለበት ያሳያል፣ እሱ ሞተር።

የበልሁ ጥፋት እንግዲህ የድሬ ሾፌር ሁሉ ጥፋት ነው። በየዓመቱ ቦሎ በደረሰ ቁጥር፣ መርማሪው ፊት ሞተሩ ንጹህ እንዲመስል፣ ብርማ ቀለም ገዝቶ በብሩሽ ይለቀልቀዋል። ዘይቱንም፣ አቧራውንም፣ ዝገቱንም አንድ ላይ። በዚህ ዓይነት ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበ ሞተሩ ቅርፁ ጠፋ። በልሁ አልጋ ላይ ሲውል ይሄ ነገር ከነከነው። ልጆቹን ጠርቶ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አላቸው። «ሞተሯን ከፋብሪካ ስትወጣ ወደነበረው ቀለም የመለሰ ይውሰዳት። ዳኛዋ እናታችሁ ናት፣ በዓይኗ አይታዋለች።» ቁልፉን አሰለፈች እጅ ላይ አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አሰለፈች አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ቢሏት የሚወጣ ነገር አጣች። ያጎረሷት ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ሰው እጇን ሲጨብጣት የተጨበጠችው ሌላ ሴት ትመስላት ነበር። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ለአርባው ለአንዱ መስጠት አለባት፤ ሦስቱም ከአብራኳ የወጡ ናቸው፣ ሦስቱም የአባታቸውን መኪና ይፈልጓታል። አንዱን ስታስደስት ሁለቱን ልታስቀይም ነው። መጨነቅ እንዳለባት ገብቷታል፤ ጭንቀቱ ግን አልመጣም።

ታላቁ ንጋቱ መካኒክ ነው። ሰልስቱ እንዳለፈ ሞተሩን በሰንሰለት ሰቅሎ አወጣው። በቤንዚን አጠበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ላገው። መዳፉ ሲቆስል በጨርቅ ጠምጥሞ ቀጠለ። ያን ሁሉ ዓመት የተጋገረ ቀለም ሌላ ሰው ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወው ነበር። ንጋቱ ግን አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ከብርማው ስር የነበረውን፣ የተፈለገውን ቀለም ራሱን፣ አብሮ ፋቀው። ቀና ሲል ፊቱ ያለው ራቁቱን የቀረ ብረት ነው።

«እማዬ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» አላት።

«ደስ የሚል» አለች።

ሁለተኛዋ ስንዱ ቀለም ቤት ተቀጥራ ቀለም ትበጠብጣለች። ራቁቱን ሞተር ስታይ ወገቧን ይዛ ቆመች። «አቦ ጋሼ፣ ልጠው ቢሉህ ከነፍሬው ጣልከው?» አለችው። ከዚያ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ፈታችና ከጀርባው ጎንበስ ብላ አየች። የአባቷም ብሩሽ የወንድሟም ብሩሽ ያልገባበት ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ቀለም ተርፋለች። ግራጫ ናት እንዳይሏት አረንጓዴ ትላለች፤ አረንጓዴ ናት እንዳይሏት ሰማያዊ። ስንዱ ከሥራ መልስ እየበጠበጠች፣ ቆርቆሮ ላይ እየቀባች፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ስትጥል ሰነበተች። በመጨረሻ አንዷን ቆርቆሮ ይዛ እናቷ ፊት ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ይቺ ናት?»

አሰለፈች አየቻት። ጣቢያው፣ የተከፈተው ኮፈን፣ የበልሁ ሳቅ፣ ሁሉም መጣላት። የማታውቀውን ሰው የሰርግ ፎቶ የምታይ መሰላት እንጂ ልቧ አልተነሳም። «ናት» አለች። ስንዱ ስታለቅስ የልጇን ዕንባ በነጠላዋ ጠረገችላት።

ትንሹ ዳግም ጋራዥ ውስጥ ቀለም ረጪ ነው። እሱ ባይኖር የስንዱ ቀለም ጣሳ ውስጥ ደርቆ ይቀር ነበር፤ የሞተር ግለት ያልተዘጋጀለትን ቀለም አቃጥሎ ነው የሚያረግፈው። ዳግም ብረቱን እያሞቀ፣ ስስ ስስ አድርጎ እየረጨ፣ እያደረቀ ደራረበው። አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገረም። ገና ሲጀመር የሞተሩን የላይ ክዳን «ይሄን ለኔ ተዉልኝ» ብሎ ከንጋቱ ብሩሽ አስጥሎ ጋራዡ ወስዶት ነበር። ሥራው አልቆ ንጋቱ ሞተሩን ሲገጥመው ሁሉም ነገር ፔጆዋ ከባቡር እንደወረደችበት ቀን ነው፤ ክዳኑ ላይ ግን፣ ዘይት መጨመሪያው አጠገብ፣ ሳንቲም የምታህል የድሮው ብርማ ቀለም ቀርታለች። መሀሏ ላይ የበልሁ አውራ ጣት አሻራ አለ። በአንዱ ዓመት ቀለሙ ሳይደርቅ ነክቶት ኖሯል።

«አንተ ምን ነክቶህ ነው?» አለ ንጋቱ። «ከፋብሪካ ስትወጣ የአባዬን ጣት ይዛ አልወጣችም።»

«ከፋብሪካ ስትወጣ የአባዬ አልነበረችም» አለ ዳግም።

«ጥፋቴን አጥፉልኝ አለ እንጂ አስቀሩልኝ አላለም» አለች ስንዱ። «የሟች ቃል ነው ዳግም።»

ከዚያ በኋላ ሦስቱ በአንድ ገበታ መቅረብ ተዉ። አሰለፈችም ለየብቻ ማቅረብ ጀመረች።

የአርባው ለት፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ፔጆዋ ግቢው መሀል ቆመች። ንጋቱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳው፤ በልሁ ጠዋት ጠዋት እንደሚያስነሳው ያለ ድምፅ። ጎረቤቱ ከበበ። ቀለሟን እያዩ ያደንቃሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ይከራከራሉ፣ ሞተሩም እየጋለ ነው። አሰለፈች ቀለሙን ልታይ ጎንበስ አለች። አሻራውን ስታይ አውራ ጣቷን እላዩ ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም። ንጋቱ ድንገት ዞር ሲል አይቶ እጇን መንጭቆ አነሳው።

ጣቷ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። አሰለፈች ትክ ብላ አየችው።

«አመመኝ» አለች። ጣቷን ወደ ልጆቿ ዘርግታ ደግሞ፣ «አመመኝ እኮ ልጆቼ» አለች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ባሏን አለቀሰችው።

ያን ዕለት ዳኝነት የጠየቃት አልነበረም። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ይከራከራል። ንጋቱ ባይፍቅና ነፍስ ባይዘራባት ፔጆዋ ብረት ነበረች፣ እናቱንም ከእሳት ያነሳ እሱ ነው ይላሉ። ስንዱ ያን ቀለም ጥፍር ከምታህል ቅሪት ባታወጣው አሰለፈች ምን ልታይ ጎንበስ ትል ነበር የሚሉም አሉ። ሌሎች፣ የአባቱን ቃል ያፈረሰው ዳግም ነው፣ ለእናቱ ዕንባዋን የመለሰላትም ያው እሱ ነው ይላሉ። ቁልፉ እንደሆነ አሁንም በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ነው። እናንተ አሰለፈችን ብትሆኑ፣ ክሩን ፈትታችሁ ለማን ትሰጡት ነበር?