ሸጊቱ በቅሎ ያልተናገረችው ዋጋ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ አፍ አውጥተው ሲነጋገሩ፣ ሸጊቱ የምትባል አሮጊት በቅሎ አንድ ፍልውሃ ዳር ትኖር ነበር። ለኮርቻም ለጭነትም ጉልበቷ አልቋል፤ የተጎዳ እግር ማዳን ግን ታውቅበታለች። እግሩ የተሰበረ፣ ወለም ያለው ፈረስ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ጠዋት ፍልውሃው ውስጥ ታቆመዋለች፤ ረፋዱ ላይ አሸዋ ላይ ቀስ አድርጋ ታራምደዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጅማቱን በምላሷ ታሸዋለች። ዋጋዋን ግን ለማንም አትናገርም። ይሉኝታ ይይዛታል። “ራሳቸው ያስቡልኛል” ትላለች።

በአንድ በጋ ሦስት ፈረሶች አዳነች፤ የጉግስ ፈረሱን ጉራቻን፣ ሙሽራ የሚሸከመውን አምባላይን፣ የጋሪ ፈረሱን ዳማን። ሦስቱም አመስግነው ሄዱ። ዳማን ስትሸኘው፣ “ሁለት ወር ጋሪ እንዳትስብ” አለችው።

ሰኔ ገባ። ሸጊቱ ለክረምቱ አንድ ፍሬ ገብስ የላትም። እያፈረችም ቢሆን ተነሳች።

መጀመሪያ ጉራቻ ዘንድ ሄደች። “ልጄ፣ ለድካሜ አንድ ጆንያ ገብስ ብታስብልኝ” አለችው።

“እማማ ሸጊቱ፣ እኔን ያዳነኝ ፍልውሃው ነው” አለ ጉራቻ። “ውሃው ደግሞ የእግዜር ነው።”

ይቅርታ ጠይቃው ወጣች።

ቀጥላ አምባላይ ዘንድ ሄደች።

“ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አላት። “አሁንማ ገብሱ ለሠርግ ታስቧል። ለመስከረም ብቅ በይ።”

“እስከ መስከረም ምን እበላለሁ?”

“እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።”

ዳማን ልትጠይቅ አላሰበችም፤ ድሃ ነው። መንገዷ በደጁ ስለሆነ ግን ደኅንነቱን ልታይ ገባች። ዳማ መሬት ላይ ተኝቷል። ያዳነችው እግሩ እንደገና ተሰብሯል። ከጎኑ ግማሽ ጆንያ ገብስ ተቀምጧል።

“ምነው ልጄ? ጋሪ አትሳብ አላልኩህም?”

“ዋጋሽን ስላልነገርሽኝ ብዙ መሰለኝ፣ እማማ። ክረምት ሳይገባ ልክፈላት ብዬ ድርብ ጭነት ሳብኩ። ይኸው ግማሹ። ቀሪውን ስነሳ አመጣልሻለሁ።”

“የኔ ልጅ፣ ካንተ እኮ ምንም አልፈልግም ነበር።”

“አልነገርሽኝማ” አለ ዳማ፣ ቀስ ብሎ።

ወደ ፍልውሃው ልትወስደው ሞከረች፤ መቆም አልቻለም። አጠገቡ ተኝታ ከገብሱ አበላችው፤ እግሩን በምላሷ አሸችው። በሰባተኛው ቀን ዳማ ሞተ። የተረፈውን ገብስ እያለቀሰች በላችው። ያን ክረምት ያሻገራት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሲመጣ፣ እግሩ ውሃ ሳይነካ ዋጋዋን ትናገራለች። ላለው “አንድ ጆንያ” ትላለች። ለሌለው፣ ሳይጠይቃት፣ “አንተ ምንም የለብህም” ትላለች።

ወሬዬ እዚህ ላይ አበቃ። የሸጊቱን ዝምታ ያላቸው እንደ ስጦታ ወሰዱት፤ የሌለው ግን እንደ ዕዳ ተሸከመው። የምታስከፍሉትን በጊዜ ተናገሩ፤ የምትምሩትንም በጊዜ ማሩ።