አንድ ከረጢት ደም

ጦርነት ጎረምሳውን ሁሉ እየለቀመ በሚበላበት በአንድ ወቅት፣ ከግንባሩ ጀርባ በአንድ ሸለቆ፣ በድንኳን ሆስፒታል የምታገለግል ሲስተር ፈትለወርቅ የምትባል ነርስ ነበረች። ደንብ አክባሪ ነበረች። አንድ ቀን ብቻ ጣሰች፤ ያቺው አንዷ አንገበገበቻት።

ደንቡ በዕለቱ ወደ ምሽግ የሚወጣ ወታደር ደም አይሰጥም ይላል። ጠዋት ግን አሥር አለቃ ዳንጊሶ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ጓደኛው ይርዳው ቆስሎ ቀዶ ጥገና ገብቷል።

«ሲስተር፣ ሲወጣ የሚሰጠው የኔን ቅጂለትና ልሂድ።»

እምቢ አለች። ለመናት። አንጀቷን በላውና ቀዳችው፤ በከረጢቱም ላይ እንደ ወጉ የሰጪውንና የተቀባዩን ስም በፕላስተር ለጠፈች።

ቀትር ላይ አምቡላንሱ እየተንገዳገደ ደረሰ። ሾፌሩ ማንደፍሮ የቆሰለውን ዳንጊሶን ከጥይት መሀል ጎትቶ ጭኖ፣ እሱም ጭኑን ተመትቶ፣ በር ላይ ሲደርስ መሪው ላይ ተደፋ። ጠዋት ይርዳውንም ያመጣው እሱ ነው።

የሦስቱም ደም ኦ ነው፤ ያለው አንድ ከረጢት። የእሷ ኤ ሆነባት እንጂ ከራሷ በቀዳች። ደም የጫነው መኪና ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ሐኪሙ እጁን ሌላ ቁስለኛ ላይ እንዳደረገ ጮኸ፦

«ለሦስት ከፍለሽ ሦስቱንም እንዳታሳጪን! ራስሽ ወስኚ!»

ዳንጊሶ ከንፈሩ ነጥቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው፤ ጠዋት ባይቀዳ ኖሮ እንዲህ ባልደከመ። «የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም» አላት።

ይርዳው ገና አሁን ከቀዶ ጥገና መውጣቱ ነው፤ ወጥቶም መድማቱን አላቆመም። ክንዱን ከመርፌው ሸሸገ። «ደሙ የሱ ነው፣ መልሺለት። በሱ ሞት አልድንም!»

ማንደፍሮ ራሱን ስቷል። ከረጢቱ ላይም ስሙ የለም። ነገር ግን ደሙን ቢያገኝ በርግጥ የሚተርፈው እሱ ነው፤ የሁለቱ ግን ደሙን ቢያገኙም የመትረፍ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ያለ እሱ ደግሞ ሁለቱም እዚህ አይደርሱም ነበር።

ሲስተር ፈትለወርቅ ከረጢቱን ይዛ ቆመች። ፈራች። ዳንጊሶ ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ ልትል ነው። ለእሱ ብትሰጠው ደግሞ የራሷን ጥፋት በሌላ ሰው ነፍስ መካሷ ነው። የሦስቱም ትንፋሽ እየሳሳ ሄደ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ደሙ የሚገባው ለማን ነው፦ ለሰጠው፣ ለተሰጠው ወይስ ሁለቱንም ላመጣቸው?