እግሩ የረጠበ አለ?

ተረት ተረት። «የመሠረት» ካላችሁኝ ልቀጥል።

በድሮ ጊዜ የማንም እግር የማይረጥብበት አገር ነበረ። አገሩን ጠባብ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቤቱ ከወዲህ፣ ሣሩ ከወዲያ ማዶ። እንስሳቱ ጠዋት ጠዋት ተሻግረው ሲያበቁ ጉረኛው ዝንጀሮ ቋጥኝ ላይ ይወጣና፣ «በአገራችን እግሩ የረጠበ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ባንድ ድምፅ «የለም!» ይላሉ። ግጦሽ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሻገሩት ወንዙ መካከል የምትቆመውን ኤሊ ጀርባዋን እየረገጡ ነበር።

አንድ ጠዋት ዝንጀሮ እንደ ልማዱ ሲጠይቅ፣ ከወንዙ ውስጥ «አለ! የኔ አራቱም ርጥብ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ቅምጥሏ ሚዳቋ ወደ ታች አየችና፣ «ውይ፣ ድንጋዩ ይናገራል እንዴ?» አለች።

«ድንጋይ አይደለሁም፣ እመቤት። ኤሊ ነኝ፤ ይበርደኛል።»

የዋሁ በግ አዘነላት። «አይዞሽ እትዬ ኤሊ፣ ከነገ ጀምሮ ቀስ ብለን እንረግጥሻለን» አላት።

«ነገማ የለሁም» አለች ኤሊ። እየተጎተተች ወጥታም ከወዲህኛው ዳር ፀሐይ ላይ ተዘረጋች።

ዝንጀሮ፣ «ኧረ በስማም! ታዲያ ማታ እንዴት ልንገባ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«እንደኔ፤ እግራችሁን አርጥባችሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝንጀሮ አንድ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነከረና፣ «ኧረ! ይሄ ውሃ እንዴት ይበርዳል!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ኤሊ ቀና ብላም አላየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ደርቀው የማያውቁት እግሮቿ ደርቀው ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለኤሊ አድርሱ።